አባልን በሩቅ የመያዝ ጥበብ

በበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ በትምህርት ቤት ክበባትና በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት ዘንድ «የአባላት ተሳትፎ» የሚባለው ሙያ ሰውን በስም ዝርዝር አስገብቶ ከሥራ የማራቅ ዘዴ ነው። ሙያው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጠበቅበታል፤ አባሉ እንዳይጠፋ፣ አባሉ እንዳይመጣ። የጠፋ አባል ሪፖርት ያሳንሳል። የመጣ አባል ደግሞ ይጠይቃል፤ ሒሳቡ ይመርመር ይላል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ሥራ ስጡኝ ማለቱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ ሳይስት ለዓመታት የተጓዘ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የበሰለ ኮሚቴ ይባላል።

አሠራሩ የሚጀምረው በምዝገባ ነው። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ስም፣ ስልክ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ከታች ደግሞ «በምን ሙያ ማገልገል ይፈልጋሉ?» የምትል መስመር አለች። ይህች መስመር የቅጹ ጌጥ ናት። አናጢው አናጢ ነኝ ብሎ ይሞላል፤ ነርሷ ነርስ ነኝ ብላ ትሞላለች፤ የሒሳብ ባለሙያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ አለኝ ብሎ ይፈርማል። ቅጹ በቦክስ ፋይል ታስሮ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ማኅበሩ በክረምት የአንዲት አረጋዊት ቤት ሲያድስ አናጢ በቀን ሒሳብ ይቀጥራል፤ ነፃ ምርመራ ሲያዘጋጅ ጤና ጣቢያውን ነርስ እንዲያውሰው በደብዳቤ ይለምናል፤ ኦዲት ሲደርስ ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ይከፍላል። አናጢው፣ ነርሷና የሒሳብ ባለሙያው ግን አልተረሱም። በዚያው ዕለት ጠዋት ቲሸርት ለብሰው እንዲሰለፉ በቴሌግራም ተጠርተዋል።

ቲሸርት በዚህ ሙያ ውስጥ ያለውን ቦታ አሳንሶ ማየት አይገባም። ቲሸርት ያልደረሰው በጎ ፈቃደኛ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲያቦካ ቢውል አገለገለ አይባልም፤ ቲሸርት የደረሰው ግን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦም አገልግሏል። መጠኑ ለሁሉም ኤክስ ኤል ነው። ክረምት ሲገባ ችግኝ ተከላ ይመጣል፤ አንዱን ችግኝ ሦስት ሰው ይተክለዋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ አፈር ይመልሳል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል። ችግኙን ኅዳር ላይ ማን ያጠጣዋል የሚለው የግብርና እንጂ የተሳትፎ ጥያቄ ስላልሆነ በዕቅዱ አይካተትም።

የበጎ ፈቃድ ሥራ በኢትዮጵያ ሁልጊዜ እንዲህ የረቀቀ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የስትራቴጂክ ዕቅድ ለመንደፍ ጊዜ አልተገኘም፤ ማኅበሩ ሦስት ወር ሳይሞላው ጣሊያን ወረረ። አርማ ግን ነበር። በየጦር ግንባሩ በተተከሉት የሕክምና ድንኳኖች ላይ ቀይ መስቀል በትልቁ የሚሳለው ከላይ የሚያልፍ አውሮፕላን እንዲለየውና እንዲምረው ነበር። የጣሊያን አውሮፕላን ለየው እንጂ አልማረውም፤ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በቦምብ ተደበደበ። ዛሬ አርማ የሚሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው። ስድስት ሜትር የሚረዝመው ባነር ከተሰላፊው ጀርባ የሚወጠረው ካሜራ እንዲለየው ነው፤ ካሜራ ደግሞ ስቶት አያውቅም።

ቀጥሎ የግዴታው ዘመን መጣ፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ብዙ ሥራ የተሠራበትም ይኸው ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወርዶ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ አብዛኛው የሄደው ለማስተማር ነው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ያን ጊዜ የታዘዘ ሰው መታዘዙን ያውቅ ነበር፤ የሚሠራውም ሥራ ይጠብቀው ነበር። የዛሬው ሙያ ከዚያ ዘመን ግዴታውን ወርሶ ሥራውን ትቶታል። ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ነገ ጠዋት 1፡30 የበጎ ፈቃድ አገልግሎታችን ስላለ ሁሉም አባል በፈቃደኝነት እንዲገኝ፤ መቅረት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል መልእክት ይደርሳል። አባሉ ጠዋት ሲደርስ የሚጠብቀው መጥረጊያ አንድ ነው፤ እሱንም የክብር እንግዳው ይዘውታል።

በየማኅበሩ ታዲያ አንድ ነገር በትክክል ሲከናወን ይታያል፤ አዳራሹ ይጠረጋል፣ ውኃው ይደርሳል፣ የስም ዝርዝሩ ይተየባል። ይህን የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በኮሚቴ ውስጥ የሉበትም፤ በፎቶውም የሉበትም፤ ሲነሳ ወንበር እየመለሱ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለው እዚህ በሥራ ክፍፍል ተተርጉሟል፤ ሸክሙ ለእነሱ፣ ጌጡ ለሃምሳው። በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። የስማቸው ፊደል ቢያንስ በአንዱ ላይ ይሳሳታል።

የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የበላይ ይሆናል። ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ላይ ሲጀመር ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ መተዳደሪያ ደንቡ ግን በሁለተኛው ጥሪ በተገኘው ሰው ይካሄዳል ስለሚል፣ ልምድ ያለው ኮሚቴ የመጀመሪያውን ጥሪ ሰው ሊመጣ በማይችልበት ቀን ያደርገዋል። ሪፖርቱ ይነበባል፤ ከገጽ አሥር በኋላ ያለው በጊዜ እጥረት ይዘለላል፤ የተዘለለው የሒሳብ ክፍሉ ነው። ምርጫ ሲደርስ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «ያለው ኮሚቴ ባለበት ይቀጥል» ይላል፤ ጭብጨባው ምሳ ከመድረሱ ጋር ይገጥማል። ሊቀ መንበሩ ሥልጣን እንደማይፈልጉ፣ ነገር ግን የአባላትን አደራ መግፋት እንደከበዳቸው ይናገራሉ። ይህ ንግግር በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል፤ ሰውየው አንድ ናቸው።

የቀድሞ ተማሪዎች ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። በዚህች አገር የቀድሞ ተማሪ እጥረት የለም፤ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት ከገቡት ልጆች የልጅ ልጆች ዛሬ ጡረታ የወጡ ይገኛሉ። መረጃም አልጠፋም። በየትምህርት ቤቱ ሬከርድ ክፍል በእጅ የተጻፈ ሮስተር አለ፤ ማን በስምንተኛ ክፍል በሒሳብ ስንት እንዳመጣ፣ ስንት ቀን እንደቀረ፣ ጠባዩ እንዴት እንደነበር ያውቃል። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ የሚፈልገውም የለም። ፍለጋ የሚጀመረው ሃያ አምስተኛው ወይም ሃምሳኛው ዓመት ሲቃረብና ድንኳንና ምሳ የሚችል ሰው ሲያስፈልግ ነው። ያኔ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፈትና «የምታውቁትን ሁሉ አድ አድርጉ» ይባላል።

ግሩፑ የታወቀ ዕድሜ አለው። በመጀመሪያው ሳምንት የቆዩ ፎቶዎች ይወጣሉ፤ ከግራ ሦስተኛው ማን ነው ተብሎ ክርክር ይነሳል፤ የፊዚክስ መምህሩ አለንጋ በፍቅር ይታወሳል። በሁለተኛው ሳምንት የሞቱት ይዘረዘራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ «አለሁ» ብሎ ይጽፋል። በሦስተኛው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመጣና ከግሩፑ አናት ላይ ፒን ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ የሚናገሩት ስቲከሮች ብቻ ናቸው፤ አበባ፣ ሻማ፣ «እንኳን አደረሳችሁ»፣ እንደገና አበባ። በመካከሉ አንድ መሐንዲስ ብቅ ብሎ የላቦራቶሪው ጣሪያ እንደሚያፈስ ሰምቻለሁ፣ ቅዳሜ ሄጄ ባየውስ፣ ቆርቆሮውንም በቅናሽ የምናገኝበት ቦታ አውቃለሁ ይላል። መልሱ በሰዓቱ ይደርሰዋል፤ «ስለ ቅን ሐሳብዎ እናመሰግናለን፣ ኮሚቴው ያየዋል።» ኮሚቴው አየው። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ መሐንዲሱ ግሩፑን ሚዩት አድርጎታል፤ በማኅበሩ የአባላት መዝገብ ላይ ግን «ንቁ አባል» ተብሎ ተመዝግቧል።

በዓሉ ሲደርስ ኬክ ይቆረሳል። በቆረሰው እጅ ላይ ሌላ አምስት እጅ ይደራረባል፤ ቢላዋውን በትክክል የያዘው ማን እንደሆነ ከፎቶው መለየት አይቻልም። የኢዮቤልዩ መጽሔት ይታደላል፤ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች የመልካም ምኞት መግለጫ፣ የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት የባንክና የቀለም ፋብሪካ ማስታወቂያ ናቸው፤ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚናገረው በመሐል ነው። ለመታሰቢያ ኮምፒዩተሮች ይለገሳሉ። እንዳይበላሹ ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ዘንድ በሚቀመጥ ክፍል ውስጥ ይገባሉ፤ ከተማሪ እጅ የተጠበቁ በመሆናቸው ለሰባ አምስተኛው ዓመት አዲስ እንደሆኑ ይደርሳሉ። በዕለቱ ትምህርት ላይ ያሉት ልጆች መዝሙር ዘምረው ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ፤ ወንበሩ ለቀድሞዎቹ ያስፈልጋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ልጅ ከፊቷ የተቀመጠውን ሐኪም ስለ ሕክምና ትምህርት አንድ ጥያቄ ልትጠይቀው ትችል እንደነበር በፕሮግራሙ ላይ አልተያዘም።

በውጭ አገር የሚኖረው የቀድሞ ተማሪ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮሃል፤ አዲስ አበባ ረፍዷል። «አንተ እዚያ ሆነህ ምን ቸገረህ» ይባላል። ገንዘቡ የት እንደዋለ ከጠየቀ አገሩን ረስቷል፤ ካልጠየቀ ትምህርት ቤቱን ረስቷል። ይኸው ዝምተኛ፣ የማይሳተፍ ሰው ግን በ1976 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ ከከተማ ከተማ እየዞረ በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ላይ ለመገኘት ፈቃድ ጠይቆ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ሆቴል ተጋርቶ ይሄዳል፤ የክፍል ጓደኞቹንም ከሜዳው ዳር ቆመው ያገኛቸዋል። ማንም አላሳተፈውም። ክስተቱ ለሙያው እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል።

በየሰፈሩ ደግሞ ከሙያው እድገት ጋር መሄድ ያቃተው አንድ ተቋም አለ፤ እድር። እድር ራእይና ተልእኮ ግድግዳ ላይ አልለጠፈም፤ የተሳትፎ ኃላፊም አልቀጠረም። ለፋፊው በጡሩምባ ከጠራ አባሉ ቀብር ላይ ይገኛል። ድንኳኑን እነማን እንደሚተክሉ፣ ወንበሩን ማን ቆጥሮ እንደሚረከብ፣ ሐዘንተኛው ቤት ማን እንደሚያድር ተለይቶ የታወቀ ነው። ስሙ ሲጠራ አቤት ያላለ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ከታክሲ ዋጋ የማይበልጥበት ጊዜ አለ፤ የሚከብደው ጎረቤት ፊት ስም ተጠርቶ ዝም መባሉ ነው። የጽዋ ማኅበርማ ይብሳል። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር ተረኛ ሳይሆን የሚቀር አባል የለም፤ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ራሱ ተራው ሲደርስ ጠላ ያስጠምቃል፣ ዳቦ ያስጋግራል። የዘርፉ ሰዎች የእነዚህን ድርጅቶች ጉድለት በሚገባ ለይተውታል፤ ሁሉም ሰው ሥራ ስለሚይዝ የሚሳተፍ ሰው አይተርፍም።

ሪፖርት የሙያው ዘውድ ነው። የሚቆጠረው የተሠራው ሳይሆን የተገኘው ሰው ነው፤ ሦስት ጊዜ የመጣ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል፤ ግሩፑ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ አባል ነው፤ ሁለት ስልክ ያለው በሁለቱም ይቆጠራል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ይደረጋል። ቲሸርቱ ግንዛቤ ማስጨበጫ ነው፤ ባነሩ ቅስቀሳ ነው፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሁለት ቀን የተደረገው የኮሚቴ ስብሰባ የአቅም ግንባታ ነው፤ የውሎ አበሉም አቅሙን ተከትሎ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በአስተዳደር ወጪ ሥር የሚቀረው የዘበኛዋ ደመወዝ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በዛ ተብሎ የሚቀነሰውም እሱ ነው።

አባልነት የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች በየመተዳደሪያ ደንቡ ተዘርዝረዋል፤ በራስ ፈቃድ መልቀቅ፣ በጉባኤ ውሳኔ መሰናበት፣ መሞት። በተግባር የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገባ ሰው ደብዳቤው አጀንዳ ሆኖ እስኪያዝ በአባልነቱ ይቆያል፤ አጀንዳውም ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል። መዋጮ አልከፍልም ያለ ውዝፍ ያለበት አባል ይባላል። የሞተ ሰው በማኅበሩ ማኅተም የተረጋገጠ የሐዘን መግለጫ ይወጣለታል፤ ከሥሩ የሒሳብ ቁጥሩ አለ። ስልኩ ግን ከግሩፑ አይወጣም፤ ስሙም ከዝርዝሩ አይሰረዝም። በየዓመቱ ለጉባኤው በሚቀርበው ሪፖርት ላይ የአባላት ቁጥር ቀንሶ የማያውቀው በዚህ አሠራር ነው።