ልዩ ልዩ የተባለው ሳጥን

በቤት ውስጥ ለእጅ ሥራ የሚለየው ክፍል፣ ማለትም ስፌቱ፣ ጥልፉ፣ ዳንቴሉና ጥቃቅኑ ጥገና የሚከናወንበትና እንግዳ ሲመጣ በሩ ቀድሞ የሚዘጋው ክፍል፣ በሥርዓት ይደራጅ ከተባለ የማይቀርለት ውጤት አለ፤ እርሱም ከመደርደሪያው ግርጌ «ልዩ ልዩ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሳጥን መቀመጡ ነው። ክሩ በቀለሙ፣ መርፌው በቁጥሩ፣ ቁልፉ በቀዳዳው ብዛት ከተለየ በኋላ የትኛውም መሳቢያ የማይቀበላቸው ዕቃዎች ይተርፋሉ፤ ጥርስ የሌለው የዚፕ ራስ፣ ግማሽ ጠመኔ፣ አንድ የመጋረጃ ቀለበት፣ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ የማይታወቅና ከወጣ በኋላም ማሽኑ ያለ እርሱ መሥራቱን የቀጠለ ብሎን። እነዚህ ሁሉ ለጊዜው ተብለው ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ የተፈለገ ነገር ሁሉ የሚገኘው፣ ቢገኝ፣ እዚያው ነው። በስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም፤ ከአጀንዳው መጨረሻ የሚጻፈው «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ከዋናው አጀንዳ የበለጠ ሰዓት ሲበላ፣ ቡናው ቀዝቅዞ ሲነሣም፣ ብዙ ጊዜ አይቷልና።

ክፍሉን ማስጌጥ ከማደራጀቱ ይቀላል፤ በኢትዮጵያ ቤቶች ልማድ ጌጡ ራሱ የእጅ ሥራው ስለሆነ ሌላ ጌጥ መግዛት አያስፈልግም። በሐረር ጀጎል ቤቶች ሴቶቹ የሰፏቸው ስፌቶች ግድግዳውን ሲሞሉት፣ የአዲስ አበባ ሳሎን ደግሞ ለብዙ ዘመን የዳንቴል ግዛት ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ሳይደርብ ዜና አያነብም፣ ሬዲዮውም አንገቱን ሳይሸፍን አይዘፍንም ነበር። ቴሌቪዥን እየሳሳ መጥቶ ዳንቴል የሚያርፍበት ትከሻ ካጣ ወዲህ፣ ያ ሁሉ ሥራ ተጣጥፎ የት እንደገባ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሳጥኑ ሰፊ ነው።

የሳጥኑ ጠባይ በደንብ የሚታየው ሳጥኑ በሌለበት ቦታ ነው፤ ለዚህም ካትዌ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ካትዌ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ የቡጋንዳ ንጉሥ (ማዕረጉ ካባካ ይባላል) ቤተ መንግሥት ከሚገኝበት ከመንጎ ኮረብታ አጠገብ፣ ወደ እንቴቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሰፈር ነው፤ የውጭው ዓለም በይበልጥ የሚያውቀው ስለ ቼዝ ተጫዋቿ ፊዮና ሙቴሲ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «የካትዌ ንግሥት» በተባለው ፊልም ሲሆን፣ የካምፓላ ሰው ግን የሚያውቀው በመዶሻ ድምፁ ነው። በር፣ አልጋ፣ የአሉሚኒየም ድስት፣ የፈንዲሻ ማሽን፣ የብሎኬት ማምረቻና በአገሩ ሲጊሪ የሚባለው የከሰል ምድጃ እዚያ ይሠራሉ። በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለው ሥራ «ጁዋ ካሊ» ይባላል፤ ይህም በስዋሂሊ የበረታ ፀሐይ ማለት ሆኖ፣ ጣሪያ ሳይጠብቅ በአደባባይ የሚሠራን ባለሙያ ያመለክታል። የእጅ ሥራው ክፍል ብዙውን ጊዜ ግድግዳ ስለሌለው፣ በግድግዳ ቀለም ምክንያት የሚነሣ የባልና ሚስት ክርክርም የለበትም።

ወደ ካትዌ ከመዝለቅ በፊት ግን ለሳጥኑ ፍትሕ መስጠት ይገባል፤ የተራ ሰው ስንፍና የወለደው አይደለምና። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1735 ፍጥረታትን ሁሉ በወገን በወገናቸው የለየበትን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ከእንስሳቱ ሰንጠረዥ ጥግ «ፓራዶክሳ» የተባለ፣ ማለትም ለማመን ለሚያስቸግሩ ፍጥረታት የተለየ ቦታ አኖረ፤ በዚያም ዘንዶውን፣ ባለ አንድ ቀንዱን ፈረስና ከአመዱ የሚነሣውን ወፍ ፊኒክስን አጎራቸው። ከእነርሱ ጋር የታጎረው ፔሊካን፣ መንቁሩ ሥር ከረጢት ያለው ትልቅ ወፍ፣ ጫጩቶቹን በደሙ ይመግባል ተብሎ ስለተወራበት ብቻ ከዘንዶ ጋር ተቆጠረ፤ እርሱ ግን ይኸው ዛሬም ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣውን ይለቅማል። ሊኔየስ በኋላ ይህን ክፍል ቢሰርዘውም ያለ ሳጥን መኖር አልቻለም፤ አጥንት የሌላቸውንና ከነፍሳት የማይመደቡትን ቀንድ አውጣውን፣ ባለ ስምንት እግሩን የባሕር እንስሳና የሆድ ትሉን ሁሉ «ትል» ብሎ በአንድነት አሰራቸው።

ከሊኔየስ ይልቅ ለአንባቢ የሚቀርበው ግን አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዴዊ ነው። ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣውና እየተሻሻለ እስከ ዛሬ በሚሠራበት ሥርዓት፣ የሰው ልጅ ዕውቀት በሙሉ በአሥር ታላላቅ ክፍሎች ተመድቦ እያንዳንዱ በቁጥር ይጠራል፤ ሥነ ጽሑፍ 800 ነው። ከዚያም 810 ለአሜሪካ፣ 820 ለእንግሊዝኛ፣ 830 ለጀርመንኛ፣ 840 ለፈረንሳይኛ፣ 850 ለጣሊያንኛ፣ 860 ለስፓኒሽ፣ 870 ለላቲን፣ 880 ለግሪክ ተሰጠና አንድ ቁጥር ተረፈ። 890 ላይ ቻይናም፣ ሩስያም፣ ዓረብም፣ ሕንድም፣ መላው አፍሪካም ተጠቃለው ገቡ። አማርኛ 892.87 ነው። የካትዌ ሰው የሚነጋገርበት ሉጋንዳም እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በ896 ሥር ይገኛል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። ላቲን ተናጋሪ ሕዝቡ ካለፈ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖት ሙሉ ክፍል ከነመስኮቱ ሲይዝ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ቆጥሮ የዓለም ሁሉ ዕቃ ከታጨቀበት ግርጌ ይፈለጋል፤ በዚህ ሥርዓት የሚተዳደር ቤተ መጻሕፍት አዲስ አበባ መሀል ቢሆን እንኳ፣ ያገሩ መጽሐፍ በገዛ አገሩ «ሌሎች» ተብሎ ይደረደራል። በተፈጥሮው ልዩ ልዩ የሆነ ዕቃ በምድር ላይ የለም፤ ያለው ደርዳሪው ምንነቱን ለመጠየቅ ያልፈለገው ዕቃ ነው። ይህን ማለት ለዴዊ ክፉ መመኘት እንዳይመስል፣ ሰውየው የተነሣው በአገሩ አምኸርስት በተባለ ኮሌጅ ውስጥ ከፊቱ የነበረውን መደርደሪያ ለማስተካከል እንደነበረ መጨመር ደግ ነው፤ ሳጥኑን እንዲህ ያሳበጠው በኋላ የመጣው ዓለም ነው፤ የቤት ሳጥንም የሚያብጠው እንዲሁ ነው።

ካትዌ ውስጥ ይህ ችግር ሌላ መልክ አለው። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ ኩሽኔታውን፣ ማርሹን፣ ባሌስትራውን፣ ብሎንና ዳዶውን ሲበትነው፣ ለቤት ዕቃ ደርዳሪ ዓይን ሁሉም «ልዩ ልዩ» ነው፤ ለገዢው ግን እያንዳንዱ ወደፊት በሚሆነው ነገር ይታያል። ባሌስትራው ቢላዋ ወይም መሮ ነው፤ ኩሽኔታው የጋሪ ጎማ ልብ ነው፤ ተተርትሮ በመዶሻ የተዘረጋው በርሜል ምድጃ ነው። ብሎን የጎደለው ሠራተኛም ሳጥን አይከፍትም፤ ብየዳውን ሳያቋርጥ ጎረቤቱን ይጣራል። የመርካቶውን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አሠራር እንደ አዲስ ነገር አይቆጥረውም፤ ተራው ስሙን ያገኘው ያለውን ከመጠየቅ እንጂ ከመደርደር አይመስልም።

ይህ ማለት ግን ካትዌ የሥርዓት አብነት ነው ማለት አይደለም፤ ከመንገዱ ዳር የተጋደመው ላሜራ የእግረኛ ሱሪ መቅደድ ይችላል፤ ጎረቤትም ሁልጊዜ ብሎን አይኖረውም፤ ቢኖረውም ሁልጊዜ አይሰጥም። በቤት ያለው የእጅ ሥራ ክፍልም ጎረቤቱን በተጣራ ቁጥር ቁልፍና ዚፕ የሚወረወርለት አይደለም። ስለዚህ ሳጥኑ ይጣል ወይስ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ፣ ከአጀንዳው መጨረሻ ላይ እንደሚነሡት ጉዳዮች ሁሉ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ቢተላለፍ አይከፋም፤ ሳጥን እስከማያስፈልገው ድረስ ብዙ መሳቢያ ያለው መደርደሪያ ለማሠራት የወሰነ ሰው ግን ካትዌ ርካሽና ጠንካራ ያገኛል። ጸረ ዝገቱ ተቀብቶ ዋናውን ቀለም ገዢው እንዲመርጥ ይጠየቃል፤ በዋጋው መከራከርም ያለ ነው። መደርደሪያው ግን የሚያያዘው በብሎን ሳይሆን በብየዳ ስለሆነ አይፈታም፤ ገዢው ከመሄዱ በፊት የክፍሉን በር ስፋት ይለካ።