መጥለቁስ ይሁን፣ መውጣቱ ነው

ሰሞኑን የሀገሬ ሰው ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ ስለ ባሕር በር ማንሳቱ አይቀርም። ጉዳዩ እኔንም ይመለከተኛል። ልዩነታችን ሌላው በበሩ ሲከራከር እኔ ከበሩ አልፌ 30 ሜትር ወደ ታች መውረድ መፈለጌ ነው። ለሥራ ዛንዚባር በሄድኩበት አጋጣሚ የስኩባ ጠላቂነትን የመጀመሪያ ሰርተፊኬት ይዤ ተመልሻለሁ፤ እሱ ግን ከ18 ሜትር በታች አያስኬድም። ከዚያ በታች ያለውን ማየት የፈለገ «አድቫንስድ» የሚባለውን ሁለተኛ ኮርስ መውሰድ አለበት። እንደምወስደው ወስኛለሁ። ያልወሰንኩት የት እንደምወስደው ነው፤ እንደማየው ከሆነ ደግሞ ኮርሱን ከመጨረስ ቦታውን መምረጥ ይብሳል።

ኮርሱማ ምን አለው! እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት ባወጣው ሥርዓት መሠረት አምስት ጊዜ መጥለቅ ነው። የመጨረሻ ፈተና የለውም። ማትሪክ ተፈትኖ ላደገ ሰው ፈተና የሌለው ከፍተኛ ትምህርት አለ ሲባል መስማት በራሱ ጤና ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ግዴታ ናቸው፤ አንዱ በጥልቀት መውረድ፣ ሌላው ውሃ ውስጥ አቅጣጫ ጠብቆ መሄድ። ቀሪዎቹን ሦስት ተማሪው ይመርጣል፤ የሌሊት መጥለቅ አለ፣ የሰመጠ መርከብ መጎብኘት አለ፣ ዓሣ መለየት አለ፣ ሌላም ሌላም።

አቅጣጫውን አልፈራሁትም። ኮምፓስ ይዞ፣ አራት ማዕዘን ሠርቶ ወደ መነሻ መመለስ ይጠይቃል። ከዚያም ባሻገር «ከትልቁ ኮራል በስተግራ፣ ቁልቁለቱን ይዘህ፣ አሸዋው ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ዓይነት ምልክት መያዝ ይፈልጋል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሳያውቅ፣ «ከፋርማሲው ወረድ ብለህ ቢጫው ፎቅ ፊት ለፊት» እየተባለ ሰርግም ለቅሶም ያልሳተ የአዲስ አበባ ልጅ በዚህ አይታማም። የሚያሳስበኝ ዓሣ መለየቱ ነው። እኔ ዓሣን የማውቀው በጥብስ፣ በጉላሽ፣ በለብለብና በዱለት ነው። ቆሮሶና አምባዛም ቢሆኑ ከነነፍሳቸው ቢመጡብኝ መለየቴን እጠራጠራለሁ።

ጥልቀቱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ ይጨምራል፤ 30 ሜትር ላይ ከውሃው በላይ ካለው አራት እጥፍ ይደርሳል። የያዝከው አየርም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። ቀይ ቀለም ዓይንህ እያየ ይጠፋል፤ ቀይ ጓንትህ አመድማ ሆኖ ታገኘዋለህ። በዚያ ላይ ናይትሮጅኑ ጭንቅላት ላይ ይወጣል፤ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ይስቃል፣ ሌላው ቀላል ሒሳብ ይጠፋበታል። ለዚህ ነው አስተማሪዎቹ አንዱን ሥራ መጀመሪያ መሬት ላይ፣ ቀጥሎ ታች አሠርተው ምን ያህል እንደዘገየህ የሚያሳዩህ። በፓዲ ሰንጠረዥ መሠረት 30 ሜትር ላይ መቆየት የሚቻለው ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ይህን ሁሉ ለአንድ የቢሮ ባልደረባዬ ሳስረዳው በጥሞና አዳመጠኝና፣ «እንግዲህ ዶላር ከፍለህ፣ አገር አቋርጠህ፣ ለ20 ደቂቃ ልትሰክር ነው? ጠጅ ቤት እኮ ከቢሯችን ጀርባ አለ» አለኝ።

ቦታ ሲመረጥ መካሪ አይጠፋም። የሚገርመው መካሪው ሁሉ ባሕሩን እየጠራ ራሱን ማውራቱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ነው የሚሠራው። «ምን ባሕር ባሕር ያሰኝሃል? እዚሁ ና!» አለኝ። አልዋሸም፤ ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተ 60 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ አለ። 14 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል፣ ውሃው 30 ዲግሪ ይሞቃል፣ ታቹ የሰመጠ ከተማ መስሎ ተሠርቷል፤ ጆተኒ እንኳ አለው። ልጁ «ሻርክ የለ፣ ማዕበል የለ፣ ጨው የለ» እያለ ሲዘረዝር፣ «ዓሣ የለም» የሚለውን ዘለላት። ጆተኒ ለመጫወት ደግሞ እኔ ሰፈር የአየር ሲሊንደር ማዘል አያስፈልግም።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት በቀድሞው ባሕር ኃይል ምፅዋ ላይ ያገለገሉ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ዳህላክን ሳታይ ባሕር አየሁ እንዳትል!» አሉኝ። ከመቶ በላይ ስለሆኑት ደሴቶች፣ ስለ ውሃው ጥራት፣ ስለ ዓሣው ብዛት ሲያጫውቱኝ ቡናቸው ቀዘቀዘ። «ታዲያ ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚኬደው?» ስላቸው ትንሽ አሰቡና፣ «እኛማ በመርከብ ነበር የምንሄደው» አሉኝ። ያኔ ገባኝ፤ ሂድ የሚሉኝ ወደ ሃያ አምስት ዓመታቸው ነው። ወደዚያ የሚሸጥ ቲኬት የለም።

አብሮ አደጌ ታይላንድን መከረኝ። ኮህ ታኦ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ ጠላቂ ማሠልጠን መተዳደሪያዋ ነው፣ ለዚሁ ሲባል እ.ኤ.አ. በ2011 የጦር መርከብ ሳይቀር አስምጠውላታል። የኮርሱን ዋጋ ሲነግረኝ ተነሳሁ፤ የአውሮፕላኑን ሲነግረኝ ተቀመጥኩ።

ጅቡቲ ቅርብ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣ ሁሉ ግዙፉ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ የሚበላው ግን በአብዛኛው የባሕር ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሻርኩን የሚጠሩት ጥቃቅኖች ውሃውንም ያደፈርሱታል። ሁለተኛ፣ ሻርኩ የሚበላው ላይ ላዩን ነው፤ እኔ ለ30 ሜትር ከፍዬ ታች ሳለሁ እሱ ከአናቴ በላይ፣ ምንም ሰርተፊኬት ከሌላቸው ሕፃናት ጋር ሊንሸራሸር ነው። ጉቤት ወደሚባለው ክፍል ደግሞ ልሂድ ብል፣ እዚያ «የሰይጣን ደሴት» የምትባል ደሴት እንዳለች እናቴ ከማን እንደሰማች አላውቅም። «ልጄ፣ ውሃ የሚገባው ለጥምቀት ነው፤ እሱም የተባረከ ሲሆን» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ግብፅ ቀረች። ግብፅ ስል ደግሞ አጎቴ፣ «ዓባይን በነፃ ሰጥተን ስናበቃ አሁን ደግሞ ለውሃ ልንከፍላቸው ነው?» አለ። ቀይ ባሕር ከዓባይ እንደማይገናኝ ባስረዳውም፣ «በስተመጨረሻ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ጸና። ሻርም ኤል ሼክ አካባቢ ግን ጠላቂ ነኝ የሚል ሁሉ የሚመኛት ቲስልጎርም አለች። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1941 የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ያሰመጧት የእንግሊዝ ጭነት መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ አገኛት። ባሕሩ ወለል ላይ፣ 30 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሞተር ሳይክሎቿን፣ የጭነት መኪኖቿንና የጎማ ቦቲዎቿን ታቅፋ ተኝታለች። ይህንንም ያ የቢሮ ባልደረባዬ ሰማ። «ሰማንያ ዓመት የቆየ መለዋወጫ ለማየት ነው ግብፅ ድረስ? ሶማሌ ተራ ምን አደረገህ?»

ይህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጬ ዋጋ፣ የውሃ ጥራትና የዓሣ ብዛት እያወዳደርኩ ሳለሁ ነው የኮርሱን መጽሐፍ የመጨረሻ ክፍል ያነበብኩት። ታች በግፊት የተነፈስከው ናይትሮጅን ሰውነትህ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለህ ስትወጣ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆም ስትል፣ በትንፋሽህ እየወጣ ይሄዳል። ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን ክዳኑ በጥርስ የተከፈተ አምቦ ውሃ ትሆናለህ፤ አረፋው የሚነሳው ደምህና መገጣጠሚያህ ውስጥ ነው። ከውሃ ከወጣህ በኋላም የተረፈ ናይትሮጅን አለ። ስለዚህ ተደጋግሞ ከተጠለቀ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን መሳፈር አይመከርም። ለምን ቢባል የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ሊሳሳ ስለሚችል።

2,400 ሜትር! አዲስ አበባ እኮ ከ2,300 በላይ ናት። ለካ እኔ ተወልጄ ያደግኩት አውሮፕላን ውስጥ ነው። ቀበቶም ሳላስር፣ ብስኩትም ሳይቀርብልኝ። እንጦጦ ላይ ያለው ሰውማ ከአውሮፕላኑም በላይ ነው የሚኖረው።

ለሌላው ጠላቂ ነገሩ የበረራ ጉዳይ ብቻ ነው። ግብፅ ውስጥ ባሕሩ ዳር የሚኖር የሁርጋዳ ሰው ጠልቆ ወጥቶ ራቱን ቤቱ ይበላል። እኔን ግን የትኛውም መጓጓዣ አያድነኝም። ከጅቡቲ በባቡር ልመለስ አልኩ፤ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ከ600 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው፤ ድሬዳዋ እንኳ፣ ቆላ ናት የምንላት ድሬዳዋ፣ 1,200 ሜትር ላይ ናት። አዳማ ይብሳል፣ ቢሾፍቱ ይብሳል። አገሬን በካርታ ላይ ፈተሽኳት። ከባሕር የወጣ ሰው ያለ ሐሳብ ጎኑን የሚያሳርፍባት ዳሎል ናት፤ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሙቀቱን የቻለ ይሂድባት። ጅቡቲ ውስጥ አሳል ሐይቅ አለ፣ 155 ሜትር ዝቅ ይላል፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ጨው ላይ ግን ስንት ሰዓት ይተኛል?

ከዚህ በኋላ ምርጫዬ ሁሉ ተገለበጠ። ቦታ መራጮች ሁሉ የሚጽፉት ውሃው ውስጥ ስለሚያሳልፉት ጊዜ ነው። የደጋ ሰው ግን ማየት ያለበት ከውሃው ወጥቶ ሥራ ፈትቶ ስለሚቀመጥበት ጊዜ ነው። ጥልቁ ውስጥ የምቆየው ሃያ ደቂቃ፤ ደረቅ መሬት ላይ ናይትሮጅኔን የማበርደው ሙሉ ቀን! እኔማ ከአውሮፕላን ወርጄም ያው አውሮፕላን ከፍታ ላይ ስለሆንኩ 18ቱን ሰዓት 24 አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ባሕር ያምራል የሚለው ቀርቶ የት መቀመጥ ይጥማል የሚለው ሆነ።

በዚህ ሚዛን ዱባይ ወዲያው ወደቀች። እዚያ መቀመጥ የለም፤ የአክስቴ ልጅ ከሞል ሞል ሲያዞረኝ ይውልና ማታ ለዘመድ አዝማድ የሚደርስ ሁለት ሻንጣ ያሸክመኛል። ሻርም የሆቴል አገር ናት፤ መዝናናት በሚል ስም በማይክራፎን ያስጨፍራሉ።

ዳሃብ ግን አለች። ከሻርም በስተሰሜን፣ ሲና በረሃና አቃባ ባሕረ ሰላጤ የሚገናኙበት፣ የበደዊን መንደር የነበረች ከተማ ናት። ጀልባ አያስፈልግም፤ ሲሊንደርህን አዝለህ ከዳር ትገባለህ። መኪና የማይደርስበት ቦታ ለመጥለቅ ከፈለግክ ሲሊንደሩን ግመል ትጭንልሃለች፤ አሞሌ ስትጭን የማውቃት ግመል እዚያ የታመቀ አየር ነው የምታጓጉዘው። «ብሉ ሆል» የሚባለው ስመ ጥር ጉድጓድም እዚያው ነው። ግድግዳው ላይ ከ50 ሜትር በታች ያለውን ቅስት ሊያልፉ ገብተው የቀሩ ጠላቂዎች መታሰቢያ ድንጋይ ዳር ላይ ተደርድሮላቸዋል። እኔ ፈቃዴ 30 ሜትር ላይ ስለሚያበቃ ከቅስቱ ጋር ጉዳይ የለኝም። እናቴ ስለ ድንጋዮቹ እንዳትሰማ ግን አደራ።

ከሁሉ በላይ ዳሃብ መቀመጫ ነች። ባሕሩ ዳር ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ትራስ ተደርድሮ፣ ሻይ እየተቀዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ይውላል፤ ተነስ የሚል የለም። ይህ የሕክምና ምክር ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ኅሊናም አይወቅስም።

ነባር ጠላቂዎች «ቦታው ሳይሆን አስተማሪው ነው ዋናው» ይላሉ። እሱንም ጠይቄያለሁ፦ በአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ነው? ሕጉ እስከ ስምንት ይፈቅዳል፤ ሁለት ሦስት ሲሆን ግን ይሻላል። አምስቱም መጥለቅ በእርግጥ ትምህርት አለበት ወይስ ጉብኝት ነው? ያናገርኩት አስተማሪ ለሁሉም በትዕግሥት መለሰልኝና በተራው፣ «ከየት ነህ?» አለኝ። ከአዲስ አበባ ስለው ከፍታዋን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዝም አለና፣ «አንተ ቤትህ ስትገባም የመጥለቂያ ኮምፒውተርህን እጅህ ላይ እሰር» አለኝ። ሰውዬው አዋቂ እንደሆነ ያኔ አመንኩ።

የቀረው የዓመት ፈቃዴ ላይ አንድ ቀን ማስጨመር ነበር። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ እውነቱን ጻፍኩ፤ «ናይትሮጅን»። አለቃዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ማዳበሪያው ነው?»

«የእሱ ዘመድ ነው ጌታዬ።»

«ይሄም በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው?»

«የለም፣ ይሄኛው በእኔ በኩል ነው የሚገባው፤ ሲወጣ ነው ቀን የሚፈልገው» አልኳቸው።

ወቅቱ የዘር ነበርና ሳያቅማሙ ፈረሙልኝ።