የቀለልኩበት ሳምንት

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ከአሁኑ ልንገራችሁና እንገላገል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ተመቻችቶ መስማት ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰሜን ለንደን፣ እህቴ ቤት፣ ቶና ላይ ነው። አቦል ላይ ገና ጨዋ ሰው ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ ሲገባ ብስክሌቱ በየእርምጃው «ቅጭጭ፣ ቅጭጭ» ይላል። ልጁ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው እንደ አዲስ ጫማ ትንሽ የሚጠብበው፣ ግን አውልቆት የማያውቅ ልጅ።

ስለ ብስክሌቱ ሳልነግራችሁ ወደ ፊት መሄድ አልችልም። መቀመጫ የለውም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሌባ የነቀለበት መስሎኝ አንጀቴን በላኝና ለልደቱ ሰፊ፣ ስፖንጅ ያለው፣ ለጡረተኛ የሚመች መቀመጫ ገዝቼለት መጣሁ። ልጁ በትሕትና አመሰገነኝ። መቀመጫው እስከ ዛሬ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ፣ ከዋንጫዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። ለካ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የሚሠራው! ጨዋታው ትራያል ይባላል። መፍጠን አይጠይቅም፤ ድንጋይና ግንድ ላይ፣ እንጨት ክምር ላይ እንደ ፍየል እየዘለሉ እግር መሬት ሳያስነኩ ማለፍ ነው። እግር መሬት በነካ ቁጥር አንድ የቅጣት ነጥብ፤ አምስት ከሞላ ያ ክፍል ተበላ። ታዲያ መቀመጫ ላይ ማን ያርፋል?

ልጁ እንደነገረኝ የዚህ ነገር ሥሩ ካታሎኒያ ነው። ፔሬ ፒ የሚባል የሞንቴሳ ሞተር ብስክሌት ሰው ልጁን ኦት ፒን ሞተር በሌለው ብስክሌት አለማመደው፣ ልጁም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ዳኒ ማካስኪል የሚባል ስኮትላንዳዊ፣ ብስክሌት ቤት ውስጥ ጠጋኝ ሆኖ ይሠራ የነበረ፣ ኤዲንብራ ውስጥ ሹል የብረት አጥር ጫፍ ላይ ብስክሌት ሲነዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣና ዓለም ጉድ አለ። እህቴም አይታዋለች። ያየችው ቀን ልጇን ጸበል ልትወስደው ነበር።

ወደ ቶናችን እንመለስ። የፔዳሉን ክንድ ይዤ ወዲህ ወዲያ ባደርገው እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ።

«የመሃል ዘንጉ ነው፣» አለ ልጁ። እነሱ ቦተም ብራኬት ይሉታል፤ ሁለቱ የፔዳል ክንዶች ግራና ቀኝ የሚሰኩበት፣ ከነኩሽኔታው የብስክሌቱ ሆድ ውስጥ የተቀበረው ዘንግ ማለት ነው። «ቀላልና ጠንካራ አዲስ ያስፈልገኛል። ሱቅ ወስጄ አስቀይረዋለሁ፣ የሚቀጥለው እሑድ ውድድር አለ።»

እዚህ ላይ ስኒዬን አንስቼ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሁለት የእህቴ የማኅበር ጓደኞች ተቀምጠዋል፣ ፈንዲሻውም ሞቅ ያለ ነው።

«ሱቅ? አጎትህ እዚህ ቁጭ ብሎ? ባሕር ዳር ብስክሌት አከራይ ቤት ሁለት ክረምት የሠራሁት ለመቼ ነው? እኔ እቀይርልሃለሁ። ቀላል ነው!»

ይቺን «ቀላል» የምትባል ቃል ያዙልኝ፤ ሳምንቴን የበላችው እሷ ናት። እሱ ስለ ሚዛን ሲያወራ እኔ ስለ ሥራው መለስኩለት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ በሦስተኛው ትርጉሟ መጣችብኝ። «ሠርቻለሁ» የምትለዋም ሰፊ ቃል ናት። ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁና ጎማ ነፍቻለሁ፣ የኪራይ ሰዓት መዝግቤአለሁ፣ ለአከራዩ ለጋሼ ሻይ አመላልሻለሁ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሴቶቹ አድንቀው ሲያዩኝ ደግሞ ጭራሽ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስለ መሃል ዘንግ አነበብኩ። ቀላልና ጠንካራ የሚባል ዕቃ እንደ ርካሽና ጎበዝ ጠበቃ ነው፤ አለ ይባላል፣ ያየው የለም። በድሮው ብስክሌት ዘንጉ ቀጭንና ድፍን ብረት፣ ጫፉ አራት ማዕዘን ነበር። በኋላ አይሲስ የሚባል ዓይነት መጣ፤ ዘንጉ ወፍራም ግን ውስጡ ክፍት፣ ጫፉ ዐሥር ጥርስ ያለው። ወፍራም ቧንቧ ከቀጭን ድፍን ይልቅ ሳይከብድ ይጠነክራል። እስከዚህ እሰየው ነው። ችግሩ ዘንጉ የሚገባበት የብስክሌቱ አጽም፣ የተላዮው፣ ጉድጓድ አብሮ አለመስፋቱ ነው። ታዲያ የወፈረው ዘንግ ቦታ የሚሻማው ከማን ነው? ከኩሽኔታው! ኳሶቹ አነሱ። ከግንብ ላይ ተስፈንጥሮ ሙሉ ሰውነቱን ሁለት ፔዳል ላይ የሚያሳርፍ ልጅ እነዚያን ደቃቃ ኳሶች እንደ ቆሎ ይቆረጥማቸዋል። ነገሩ ስለገባኝ ኮራሁ። ነገር መግባትና ብሎን መፍታት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ያን ማታ ማን ያስታውሰኝ?

ልጁ ብረቱን ነበር የፈለገው። እኔ ግን ዓይኔ ታይታኒየም ዘንግ ያለው ላይ ወደቀ። ዋጋው እጥፍ ነው፣ ከብረቱ የሚቀለው ግን መቶ ግራም እንኳ በማይሞላ ነው።

«አጎቴ፣ የሚዘለውም የሚወድቀውም እኔ ነኝ፣ ብረቱ ይበቃኛል፣» አለኝ።

እህቴ የበርበሬ ሚዛኗን እያጠበች፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት የበላሃት ፍርፍር ስንት ግራም ናት?» አለችኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ «አንተ ልጅ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት፤ ሁልጊዜም ልክ ስትሆን ነው።

ልኩን የወሰድኩት በእህቴ የልብስ ስፌት ሜትር ነው። ክንዶቹን ሳልፈታ ብስክሌቱ ሥር ተኝቼ ከዚያ እስከዚህ አልኩና፣ ጨምሬ ቀንሼ 113 ሚሊሜትር ላይ አረፍኩ። የዘንጉ ጫፎች ክንዶቹ ውስጥ እንደሚደበቁ ማሰብ የነበረበት ጭንቅላት እዚያው አቧራ እየሳበ ያስነጥስ ነበር።

ሱቅ ስገባ ሌላ ጣጣ ገጠመኝ። የዕቃውን ስም አስቡት። ጥቁር ሰው፣ ጺሙ ያደገ፣ ቦርሳ ያነገተ፣ ለንደን ውስጥ ሰው በሞላው ሱቅ ቆሞ ጮክ ብሎ «አይሲስ አላችሁ ወይ?» ይበል? ስለዚህ ወደ ሻጩ ጆሮ ጠጋ ብዬ የመጀመሪያዋን ቃል ዋጥ፣ ሁለተኛዋን ጎላ አድርጌ ጠየቅሁት። ጎልታ የወጣችው «ላይት» ናት። ቀላል ማለቴ ነበር፤ እሱ ግን መብራት ብሎ ሰማኝ። ሻጩ በጣም ቅን ነው፤ እየመራ ወደ መብራት መደርደሪያ ወሰደኝና ስለ ብርሃን ጥንካሬ፣ ዝናብ ስለመቋቋሙ፣ ስለ ቻርጁ አስረዳኝ። በአምስተኛው ደቂቃ ላይ አይደለም ማለት ነውር ሆነብኝ። የብስክሌት መብራት ገዛሁ። ከሱቁ ወጣሁ። ጥጉ ጋ ቆሜ ትንሽ ራሴን ከሰደብኩ በኋላ ተመልሼ ገባሁና፣ ዘንጉን በስልኬ ስክሪን ላይ አሳይቼ፣ 113ቱን ታይታኒየም ገዛሁ። «ርዝመቱን እርግጠኛ ነህ?» ሲለኝ ሳቅሁበት። እንደ ባለሙያ።

ረቡዕ ማታ ልጁ ከቤት ወጥቶ ሳለ ጓሮ ብስክሌቱን ገልብጬ ሥራ ጀመርኩ። ክንዶቹን በተዋስኩት መንቀያ ነቀልኳቸው፤ ይህን ያለ ጉዳት መሥራቴን መዝግቡልኝ፣ ሌላ የምትመዘግቡልኝ የለም። ዘንጉን ከነኩሽኔታው የሚይዘው የግራው ቆብ ትንሽ አጉረምርሞ ወጣ። የቀኙ ግን፣ ካቴናው በሚዞርበት በኩል ያለው፣ ንቅንቅ አልል አለ።

የባሕር ዳሩ ጋሼ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ ግራ ሲዞር ይላላል።» ሌላ ትምህርት አልሰጡኝም፣ አልጠየቅሁም። ስለዚህ መፍቻውን ወደ ግራ። እምቢ። በሁለት እጅ ወደ ግራ። እምቢ። የእህቴን መወልወያ ባዶ ብረት እጀታ መፍቻው ላይ ሰክቼ ወደ ግራ። እጀታው እንደ ሙዝ ጎበጠ። ጨለመ። የገዛሁትን መብራት አጥሩ ላይ አሰርኩትና ጓሮው እንደ ስታዲየም ወገግ አለ፤ በዚያ ብርሃን በእጄ መግፋቱን ትቼ መፍቻው ላይ ቆምኩበት። ሰማንያ ስድስት ኪሎ። ዘለልኩበት። ሁለተኛ ስዘል መፍቻው ከቆቡ አፈተለከና እኔ በቂጤ የእህቴ የጤና አዳም ማሰሮ ውስጥ ገባሁ።

ጤና አዳሙ ብቻውን የአሥር ደቂቃ ወግ ይወጣዋል። እህቴ ዘሩን ከአገር ቤት አምጥታ፣ የለንደንን ብርድ በፕላስቲክ ጋርዳ፣ ለቡናዋ ያሳደገችው ነው። ሽታው ጓሮውን ሞላው። የላይኛው ፎቅ አሮጊት እንግሊዛዊት መጋረጃዋን ገልጣ «ደህና ነህ የእኔ ልጅ?» አለችኝ። ማሰሮው ውስጥ እንደተቀመጥኩ እጄን አውለብልቤ «ቀላል ነው!» አልኳት፣ በአማርኛ።

ልጁ የደረሰው ያኔ ነው። ብርሃኑን አየ፣ እጀታውን አየ፣ እኔን አየ። አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። እጁን ሰጥቶ አነሳኝና ቀስ ብሎ፣ «አጎቴ፣ ያኛው ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው፣» አለኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሳጠብቀው ነበር!

ቁጭ ብለን አስረዳኝ። የእንግሊዙ አሠራር፣ በጠመንጃ ሠሪዎቹ በቢኤስኤ ስም የሚጠራው፣ የቀኙ ቆብ ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። ለምን? እጄን ላላ አድርጌ እንድጨብጥ ነገረኝና ጭብጤ ውስጥ እርሳስ ሰክቶ ጫፉን ዙሪያውን አዞረው፤ እርሳሱ መዳፌ ውስጥ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲንከባለል ተሰማኝ። ዘንጉም ቆቡን እንደዚያ ቀስ በቀስ ይገፋዋል አለኝ፤ ጥርሱ ካልተገለበጠ ሲነዱት ራሱን እየፈታ ይወጣል። የጣሊያኑ አሠራር ግን ሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ጋሼ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩት፣ ከአስመራ የመጣ አሮጌ ቢያንኪ ነበራቸው፤ ሕጋቸው ለእሱ ልክ ነበር። ጣሊያንን በ1933 ዓ.ም. ከአገር አስወጣን፤ ኩሽኔታው፣ ካቴናው፣ ግራሶው፣ ካቻቪቴው ጋራዥ ውስጥ ተደብቆ ቀረ፤ እኔ ጋ ደግሞ ጥርሱ ጭምር ቀርቶ ኖሯል። «ግን አጎቴ፣ የግራ ፔዳልም እኮ የተገላቢጦሽ ነው፣ ባሕር ዳር ፔዳል አትፈቱም ነበር?» አለኝ። ሻይ ነበር የማመላልሰው፣ የእኔ ጌታ።

ያጠበቅሁትን ለመፍታት ሁለታችንም አስፈለግን። ቆቡ ሲወጣ ዝገት የቀላቀለ ውኃ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ አንዲት ኳስ፣ ከምስር የማትበልጥ፣ ግማሽ ጎኗ የተላጠ፣ መዳፌ ላይ ወደቀች። ልጁ አዲሱን ዘንግ አስገብቶ ክንዱን ጠጋ ሲያደርግ ክንዱ ተላዮውን ነካ። አጭር ነው። አሮጌውን ለካው፤ 128። ምንም አላለኝም፤ ታይታኒየሙን በጨርቅ አብሶ ወደ ካርቶኑ መለሰው። በማግስቱ ወስዶ በብረቱ ቀየረውና የተረፈውን ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ለእናቱ ሰጣት፣ ለመወልወያው። ግራሶ ቀብቶ በሃያ ደቂቃ ገጠመው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

እህቴ ለማኅበር ጓደኞቿ በስልክ ስትነግራቸው ከኩሽና እሰማለሁ። «ምን ላርግሽ፣ ጎረቤት ፊት ቀለለ፣» ትላለች። ሦስተኛው ትርጉም ይኸው መጣ።

እሑድ ከለንደን ወጣ ያለ ጫካ ውስጥ ነበርን። የእኔ ሥራ ጃኬት መያዝ ነው። ብስክሌቱ ጭጭ ብሏል፤ ልጁ የኋላ ጎማው ላይ ቆሞ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል የሚሰማው የጎማው ዱብ ዱብ ብቻ ነው። ሦስት ክፍል ያለ አንድ ቅጣት አለፈ። አራተኛው ላይ ትልቁ ቋጥኝ አናት ወጥቶ ሚዛኑን እየጠበቀ ሳለ፣ አጠገቤ የቆመ የሌላ ልጅ አባት ብስክሌቱን እያየ፣ «በጣም ጸጥ ያለ ነው፣ ማን ነው የሠራለት?» አለኝ።

ጫካው ጸጥ ብሎ ነበር። ድምፄ ምን ያህል እንደሚሄድ አላሰብኩም።

«እኔ ነኝ መካኒኩ፣» አልኩት።

ቋጥኙ አናት ላይ የልጁ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ይዞት፣ ይዞት፣ አልቻለም፤ ሳቁ ፈነዳና ግራ እግሩ ዱብ አለ። ዳኛው አንድ ጣቱን አነሳ።