ጋሼ፣ እዚህ አገር የተሸነፈ ነው የሚሸለመው

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ከናፍቆታችሁና ከቡድኔ በቀር የሚያሳስበኝ የለም። ባለፈው በስልክ «ድምፅህ ምነው ሰለለ፣ ከሥራ አስወጡህ እንዴ?» ስትለኝ «የዋሽንግተኑ ቡድናችን ተሸንፎ ነው» ብልህ ሳቅህን ለቀቅኸው። ቀጥለህ «ታዲያ ሊወርድ ነው?» አልከኝ፤ ኔትወርኩ ተቆረጠና ሳልመልስልህ ቀረሁ። እንኳንም ተቆረጠ፤ መልሱ በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

አይወርድም ጋሼ። እዚህ መውረድ የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም መጨረሻ የወጣ ይሸለማል። ፈረሰኞቹ ዋንጫ ሲያነሱ እያየህ ላደግክ ሰው ይህ ነገር እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ ማኪያቶህን አስቀምጥና ቀስ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ ጨዋታውን፣ የአሜሪካ ፉትቦል የሚሉትን። ሜዳ ላይ 11 ለ11 ናቸው፤ እዚህ ድረስ ታውቀዋለህ፤ ከዚህ በኋላ የምታውቀውን ሁሉ እርሳው። ኳሷ ሁለት ጫፏ የሾለ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ከምናምን፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ከገፋ ሌላ 4 ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልገፋ ያስረክባል። ሰዓቱ 60 ደቂቃ ነው ይባላል፤ ጨዋታው ግን ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አምስት ስድስት ሰከንድ ይጋጫሉ፣ ከዚያ ክብ ሠርተው ይሰበሰባሉ፣ ደግሞ ይጋጫሉ፣ ደግሞ ይሰበሰባሉ። አንተ ቀበሌ የሠራህ ሰው ስለሆንክ ስብሰባውን ትወደው ነበር።

የዚህ ሁሉ አውራ ኳርተርባክ የሚባለው ነው። ኳሷን ይቀበልና ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ለማን እንደሚወረውር በሁለት ሦስት ሰከንድ ይወስናል። እያንዳንዳቸው 140 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ፊቱ ቆመው ይከላከሉለታል። ከወዲያ በኩል ደግሞ እነሱን የሚያካክሉ ሰዎች እሱን መሬት ላይ ሊዘረጉት ይመጣሉ። ሳይወረውር ከዘረጉት «ሳክ» ይባላል፤ ቡድኑ የነበረበትን ቦታ ያጣል፣ ልጁም ጎኑን ይታመማል።

የኛ ልጅ ሳም ሃውል ይባላል። የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ ነው፤ ገና 23 ዓመቱ። ዘንድሮ በ17 ጨዋታ 65 ጊዜ ተዘርግቷል፤ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ። 612 ጊዜ ወርውሯል፤ በዚህም አንደኛ። ከወረወረው 21ዱን ተቃራኒዎች ቀልበውታል፤ ይሄም አንደኛ። አንደኛ ያልወጣው በማሸነፍ ብቻ ነው፤ 4 አሸንፈን 13 ተሸነፍን፣ የመጨረሻዎቹን 8 በተከታታይ። ጎል የሆነለት ውርወራም 21 ነው። 21 ለ21! ስለዚህ «ጎበዝ ነው» የሚለውም «አይረባም» የሚለውም እኩል ማስረጃ ይዞ ይመጣል፤ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

አጀማመሩማ ያማረ ነበር። ሃውል በፈረንጆቹ 2022 ከኮሌጅ ልጆች ሲመረጥ ተራው 144ኛ ነው፤ ማንም ቦታ አልሰጠውም። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ በመጨረሻው ጨዋታ ለአንድ ቀን ቢያሰልፉት ዳላስን 26 ለ6 አሸነፈ። ዳላስ ማለት ለኛ ቡና ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ አላብራራልህም። በዚያች አንድ ቀን ተማርከው የዘንድሮውን ቡድን አስረከቡት።

በሐምሌ ደግሞ ቡድኑ ተሸጠ። ዳን ስናይደር የሚባለው ባለቤት በፈረንጆቹ 1999 በ800 ሚሊዮን ዶላር የገዛውን ለጆሽ ሃሪስና ለሸሪኮቹ በ6 ቢሊዮን 50 ሚሊዮን ሸጦት ሄደ። (ከሸሪኮቹ አንዱ የቅርጫት ኳሱ ማጂክ ጆንሰን ነው፤ እሱን ታውቀዋለህ።) ሰዉ በየመጠጥ ቤቱ እልል አለ። 24 ዓመት ሙሉ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር የሚረገመው ስናይደር ነበር። እሱ ሲሄድ እርግማኑ ባለቤት አጣ፤ ትንሽ ሲንከራተት ቆየና ሃውል ትከሻ ላይ አረፈ። ይህን የምልህ እኔ ነኝ፤ ጋዜጣ ላይ አታገኘውም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸንፈን አዲሱን ዓመት በደስታ ተቀበልን። ከዚያ ቡፋሎ መጣ፤ 37 ለ3። በዚያ ቀን ብቻ 9 ጊዜ ተዘረጋ፣ 4 ኳስ ተቀለበበት። ጦርነቱ የተከፈተው ያኔ ነው።

የምሠራው እንደምታውቀው መሀል ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ነው። ሰኞ ጠዋት ባለመኪናው ሁሉ መስኮቱን ዝቅ የሚያደርገው ቲኬት ሊቀበል ሳይሆን ብሶቱን ሊያወርድ ነው። አለቃዬ የዚሁ ከተማ ተወላጅ፣ ሸምገል ያሉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ቡድኑ ሦስት ጊዜ ሱፐር ቦውል የሚሉትን ዋንጫ ሲወስድ በዓይናቸው አይተዋል፤ በፈረንጆቹ 1988 ዳግ ዊሊያምስ ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሲሆን እንዴት እንደጨፈሩ ሲተርኩ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። እሳቸው የልጁ ጠበቃ ናቸው። «እኔ ብሆን ሦስተኛው ላይ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር» ይላሉ። ጥፋተኛ አድርገው የሚቆጥሩት መጀመሪያ አምስቱን ተከላካዮቹን ነው፤ ቀጥሎ ኤሪክ ቢኤነሚን፣ ከካንሳስ ሲቲ ሁለት ዋንጫ ይዞ የመጣውን የማጥቃት አሰልጣኝ፤ ኳስ ይዞ መሮጥ የሚባል ነገር እንዳለ ረስቶ ልጁን ቀኑን ሙሉ ያስወረውረዋልና። ከዚያ ጎል መከላከያውን። በዓመቱ 518 ነጥብ ተቆጥሮብናል፤ ከሊጉ ሁሉ የባሰ። «ያኔ ልጁ ሜዳ ላይ አልነበረም! አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ እየጠጣ ነበር!» ብለው የገንዘብ መሳቢያውን በቡጢ ይመቱታል።

የአምስተኛ ፎቁ ጠበቃ ግን ሌላ ነው። (ይኼኛው የእውነት ጠበቃ ነው፣ በሰዓት የሚያስከፍል።) በመስከረም «ታላቁ ቶም ብሬዲም እኮ 199ኛ ነበር የተመረጠው!» እያለ ይገባ ነበር። በጥቅምት ብሬዲን ትቶ «ብሮክ ፐርዲም ከሃውል ጋር በአንድ ዓመት 262ኛ፣ የመጨረሻው ሆኖ ነው የተመረጠው፤ ሳን ፍራንሲስኮን ይኸው እየመራ ነው» ማለት ጀመረ። (ያው ፐርዲ በኋላ መጥቶ 27 ለ10 ሸኘን።) በኅዳር፣ የምስጋና ቀን እንዳለፈ በቀጠለው ሰኞ፣ ፊቱ ፀሐይ መስሎ ገባ።

«አሸነፍን እንዴ?» አልኩት፤ በምስጋና ቀን ሥራ ላይ ስለነበርኩ ጨዋታውን አላየሁትም።

«45 ለ10 ተሸነፍን! ያውም በዳላስ!» ብሎ ተጨማሪ ሁለት ዶላር ጉርሻ ሰጠኝ።

ሰውየው ጤነኛ አይደለም ብዬ ነበር። በኋላ ስጠይቅ ግማሹ ደጋፊ እንደዚያ ነው።

ሦስተኛው ተከራካሪ ጽዳት ላይ የሚሠራው የሳልቫዶሩ ጓደኛዬ ነው። እሱ እውነተኛውን እግር ኳስ እንጂ ይህን አይከታተልም። አንድ ቀን ሁለቱ ሲነታረኩ መጥረጊያውን ተደግፎ ሲሰማ ቆየና «ለምን ቶሎ አይወረውርም?» አለ። ሁለቱም ዝም አሉ። እውነቱን ነው ጋሼ፤ ልጁ ኳስ ይዞ መቆየት ይወዳል፤ ከ65ቱ መውደቅ ሁሉም የሰው ጥፋት አይደለም። በቴሌቪዥን ክራባት አስረው ሰዓት ሙሉ የሚተነትኑት ይህንኑ ነው።

አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ ደግሞ ታስታውሰዋለህ፤ ከመርካቶ የመጣው፣ ታክሲ የሚነዳው። አሜሪካ ሲገባ መጀመሪያ ያረፈው ዳላስ ስለነበር እስከ ዛሬ የዳላስ ደጋፊ ነው። ዋሽንግተን እየኖረ፣ የዋሽንግተንን ኪራይ ከኔ ጋር እየተካፈለ! እሱ ከሁላችንም በላይ ሃውልን ይወደዋል። «ይህ ልጅ እንዳይነካ፣ የአሥር ዓመት ኮንትራት ስጡት» ይላል።

ዘንድሮ ገና ታኅሣሥ 28፣ እሑድ ዋለ አይደል? የመጨረሻው ጨዋታችን፣ ከዳላስ ጋር፣ በዚያው ዕለት ሆኖ ቁጭ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት የዕቁባችን ዳኛ ዶሮ ሠርተው ጠርተውናል፤ «በበዓል ቀን ቴሌቪዥን?» ብለው ትንሽ ካጉረመረሙ በኋላ ከፈቱልን። እትዬ ይህን ጨዋታ አይተው አያውቁም። ሃውል መጀመሪያ ሲወድቅ «ውይ!» አሉ። ሁለተኛ ሲወድቅ የጨበጡት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ «ይህ ልጅ እናት የለውም? የሚያነሳው ሰው እንኳን ይጥፋ?» እያሉ ስሙን ሳይጠይቁ «ልጄ» ይሉት ጀመር። የዳላሱ ጓደኛዬ ከት ብሎ ሲስቅ ፈረሰኛውን ከሳህኑ አንስተው ወደኔ አዞሩት። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል እንጂ እትዬ ተቆጥተዋል።

38 ለ10 አለቀ። ይኼኔ ነው የጠበቃውን ምሥጢር ያስረዳኋቸው። በየዓመቱ በሚያዝያ ድራፍት የሚባል ነገር አለ፤ የሚጠጣውን አይደለም። ቡድኖቹ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በየተራ ይመርጣሉ፤ ተራው የሚያዘው ከታች ነው፤ ብዙ የተሸነፈ ቀድሞ ይመርጣል። በዚያ ቀን በመሸነፋችን የሁለተኛነትን ተራ ይዘናል። እትዬ ጥቂት አሰቡና «ይሄማ ዕቁብ ነው፤ ዕጣ ሳይወጣ ለባሰበት ይሰጠው የሚባለው» አሉ። አንድ ነገር ግን አልዋጥላቸው አለ።

«ታዲያ አንዱ ተነሥቶ ሆን ብሎ ቢደኸይስ?»

ጋሼ፣ አገሩ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው ያለው። ጨዋታው ለተጫዋቹ እንጀራው ነውና ሆን ብሎ አይሸነፍም። ከላይ ያሉት ግን «ቡድኑን እንደገና እንገነባለን» ካሉ ጎበዝ ጎበዙን ሸጠው ተራ ይሰበስባሉ። ጥቅምት 20 ቀን ቼዝ ያንግንና ሞንቴዝ ስዌትን፣ ኳርተርባክ በመዘርጋት የታወቁትን ሁለቱን ልጆች፣ በአንድ ቀን አሳልፈው ሰጡ። ከዚያ በኋላ በተቃራኒ በኩል የሚዘረጋ ጠፋ፤ በኛ በኩል የሚዘረጋው ግን እንደቀጠለ ነው።

በታኅሣሥ ልጁን ከጨዋታ መሀል ሁለት ጊዜ አወጡትና ጃኮቢ ብሪሴትን አስገቡ። ብሪሴት ሲገባ ቡድኑ ነፍስ ዘራ። «በቃ፣ በሚቀጥለው የሚሰለፈው ብሪሴት ነው» ተባለ፤ የብሪሴት የጭን ጅማት ተሳበና ሃውል ተመልሶ ገባ። የተባረረበትን ሥራ ተተኪው ታሞ ሲሠራ የሚውል ሰው አስበው።

እኔ የማልስማማው እዚህ ጋ ነው። ጠበቃው «ሃውል ይቀየር» ይላል፣ ያንኑ ቀን «ሁለተኛ ሆንን!» ብሎ ይጨፍራል። ሁለተኛነቷን ማን አመጣት? 65 ጊዜ የተዘረጋው ልጅ ነው ያመጣት፣ በጎኑ አጥንት። ሲፈልጉት የነበረውን ሽንፈት ሠርቶ ሲያስረክባቸው ይሰድቡታል። በዚያች ተራ የሚገዙት ደግሞ ሌላ ኳርተርባክ ነው! ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ድሬክ ሜይ ይባላል፤ ሃውል ከሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ቦታውን የተረከበው እሱ ነው። ከመጣ ለሁለተኛ ጊዜ ሊረከበው ነው ማለት ነው። ካሌብ ዊሊያምስ የሚባል የዚሁ ከተማ ልጅም አለ፤ አንደኛዋን ተራ ግን ቺካጎ ይዟታል። የሉዊዚያናው ጄደን ዳንኤልስም ይነሣል።

ይህን ሁሉ ለአለቃዬ ስነግራቸው ሳቁ። «ሁለተኛ ተራ ከዚህ በፊትም ደርሶናል» አሉ። በፈረንጆቹ 2012 በሁለተኛ ተራ ሮበርት ግሪፊንን አመጡ፤ ከተማው አበደ፤ ዓመት ሳይሞላው ጉልበቱ ተጎዳ፣ እንደ መጀመሪያው ዓመትም ሆኖ አያውቅም። በፈረንጆቹ 2020 በሁለተኛ ተራ ቼዝ ያንግን አመጡ፤ ይኸው ዘንድሮ ሸጡት። አሁን ደግሞ ሌላ ሁለተኛ ተራ ይዘን ጠበቃው ከወዲሁ አዲስ ማሊያ አዝዣለሁ ይላል፤ የማን ስም እንደሚጻፍበት ገና ሳይታወቅ።

የገና ማግስት ሰኞ ዋና አሰልጣኙን ሮን ሪቬራን አሰናበቱ። እኔም በምሳ ሰዓት አንድ ሱቅ ስገባ የሃውል 14 ቁጥር ማሊያ በግማሽ ዋጋ ተሰቅሎ አገኘሁና ለትንሹ ልጅህ ገዛሁ። ሳምንት በሚመጣው ዘመድ ልኬዋለሁ፤ ሰፊ ነው፣ ሁለት ዓመት ያስለብሰዋል። ለእማዬ የጉልበት ቅባትና ሁለት ጥንድ ካልሲ አለ፤ አንተ ያዘዝከው የመላጫ ምላጭም ከሥር ነው።

የዳላሱም ሰላም ብሎሃል። የነሱን ማሊያ አብሬ ልላክ ብሎኝ ነበር፤ የሻንጣው ኪሎ ሞልቷል አልኩት።

ወንድምህ