በአጭር ልብ ወለድ ወንድ ልጅ የሚጎለምስበት ትክክለኛ ቦታ፦ የመስክ ጥናት

ታደሰ ሊበን «መስከረም»ን በ1949 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ስንቱን ወንድ ልጅ አጎልምሷል። የት ቦታ ላይ እንዳጎለመሰው ግን የጠየቀ የለም። ለጥናቱ የተመረጠችው የመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ ናት፤ ሳይንሳዊው ምክንያት ከእሷ ወጥቶ አዲስ አበባ ለመግባት ገደል መውረድ ግድ መሆኑ ነው።

ሕጉ የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ልጁ ከብት ይጠብቃል። በሦስተኛው አባቱ ያርፋሉ (በዚህ የጽሑፍ ዘርፍ የአባት ዕድሜ አጭር ነው)። ቀጥሎ ውኃ የምትቀዳ ልጅ ዘወር ብላ ታየዋለች። በመጨረሻው ገጽ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ በቃ፣ ሰው ሆነ። የጄምስ ጆይስ «አራቢ» ላይ ያለው የደብሊን ልጅም በባቡር ባዛር ደርሶ፣ መብራት ሲጠፋበት ነው የበሰለው። የትራንስፖርት ሚና አያከራክርም።

ሕጉን መርሐ ቤቴ ላይ እንሞክረው። ልጁ ቆላ ወርዶ፣ ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላ ይጠብቃል። ወንጭፉን ከራሱ በላይ አሹሮ ሲለቀው ድንጋዩ ሳይደርስ ጩኸቱ ብቻ ወፉን ያስነሳል። ኋላ እርፍ ይጨብጣል፤ ትልሙ ሲወላገድ አባቱ ዝም ይላሉ፣ ሲቃናም ዝም ይላሉ። አንድ ቡሄ ላይ ጓደኞቹ ለሆያ ሆዬ ሲጠሩት «ጉሮሮዬን አሞኛል» ይላል። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ ጎጆ ይወጣል፣ ልጅ ክርስትና ያስነሳል፣ የእድር ዳኛ ይሆናል።

ይሁን እንጂ አውቶቡስ አልተሳፈረም። ስለዚህ በሥነ ጽሑፍ መስፈርት የእድሩ ዳኛ ገና ልጅ ናቸው፤ ለቀብር ድንኳን እንዲያስተክሉ መፈቀዱም እንደገና ሊታይ ይገባል።

የተሳፈረውስ? ጠመዝማዛውን ቁልቁል ሲወርድ ልጅ ነው፤ ማዶ ለሚ ከተማ ሲወጣ ጎልማሳ ነው። እንግዲህ ነገሩ የሚፈጸመው መካከል ባለው የጀማ ወንዝ ድልድይ ላይ መሆን አለበት። ችግሩ፣ በዚያች ሰዓት ጀግናው ፌስታል ውስጥ አንገቱን ቀብሮ እያስመለሰ ነው። ደራሲዎቻችን ግን «በመስኮት አሻግሮ አየ» ብለው ያልፉታል።

ያልተቋጨ አንድ ጉዳይ አለ፦ ለፋሲካ ሲመጣ ድልድዩን በተቃራኒው አቅጣጫ ይሻገራል። እናቱ «ምነው እንዲህ ከሳህብኝ!» እያለች በትልቅ ጉርሻ አፉን ስትሞላው መታየቷ ሂደቱ ተገላባጭ መሆኑን ያመለክታል።