ወደ ኋላ እያዩ ለሚመጡ ሰዎች መንገድ ስለ መልቀቅ

ቅዳሜ ጠዋት ጸጥ ያለ ውኃ ላይ ካያክ ይዘው መንሳፈፍ ካማረዎ፣ ከጆርጂያዋ ክላርክስተን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነድተው ጌይንስቪል ይሂዱ። የሌኒየር ሐይቅ እዚያ አለ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የቻታሁቺን ወንዝ ገድበው የሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር የተካሄደው በዚሁ ሐይቅ ላይ ሲሆን፣ የዳኞቹ ማማ ዛሬም ቆሟል። ዕረፍት ፍለጋ የኦሎምፒክ መወዳደሪያ መምረጥዎ የብልኅ ሰው ምርጫ ነው።

ስለ አገር ክብር አይጨነቁ። በዚያ ኦሎምፒክ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያመጡ፣ ውኃው ላይ የእኛ ሰው አልነበረም። የፈለጉትን ያህል ቢያዘግሙ የሚያዋርዱት ባንዲራ የለም። የመንሳፈፊያ ጃኬትዎን ግን ይልበሱ፤ ይህ ሐይቅ ዋናተኛ ነኝ ያለውንም ወስዷል። እዚህ ላይ አልቀለድኩም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እዚያ የሚያገኟቸው ፈጣን ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ለሚሄዱበት ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት። ስምንት ሰው የሚቀዝፈው ጀልባ 17 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጎበዞቹ የውድድሩን 2,000 ሜትር ከስድስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ወደ ፊት የሚያየው ኋላ የተቀመጠው መሪ ብቻ ነው፤ እሱም ስምንት ግዙፍ ሰው ተደርድሮበታል። ሁለት ብቻ ሆነው የሚቀዝፉት ደግሞ መሪ የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ አልፎ አልፎ አንገታቸውን ዞር ያደርጋሉ፣ በቃ። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መካከል የሚሄድበትን አጥርቶ የሚያየው እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ኩራት እንዳይሰማዎት። ግጭት ቢፈጠር ማን ይጠየቃል? ያየው።

ስለዚህ ዳር ዳሩን ይያዙ። ለውድድር በተንሳፋፊ ምልክት የሚከፈለው አንዱ መስመር 13.5 ሜትር ይሰፋል፤ አዲስ አበባ ቢሆን ስድስት ሚኒባስ ጎን ለጎን ይገባበት ነበር። ባዶ ነው ብለው ግን አይግቡ።

ቀዛፊዎቹን በሞተር ጀልባ እየተከተለ በድምፅ ማጉያ የሚጮኸው ሰው አሠልጣኝ ነው። አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጣው ልጆቹን ነው። የተቆጣው እርስዎን ከሆነም ልዩነቱ ስለማይታወቅ፣ ፈገግ ብለው እጅዎን ያንሡ። የሞተሩ ማዕበል ሲደርስ ግን የካያክዎን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ያዙሩ፤ ጎንዎን ከሰጡት ሊገለብጥዎ ይችላል።

ከበሮ ቢሰሙ ሠርግ መስሎዎት ትከሻዎን አያዘጋጁ። የድራገን ጀልባ ነው፤ 20 ቀዛፊ በከበሮው ምት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ሻምፒዮናው የተካሄደውም እዚሁ ነበር። ካያክ ላይ እስክስታ አይመከርም።

ሲጨርሱ ክንድዎ ይዝላል፣ ወገብዎ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለተኛ ጀልባ አልነካም ማለት ያምርዎታል። እንግሊዛዊው ስቲቭ ሬድግሬቭም እዚሁ ሐይቅ ላይ አራተኛውን የኦሎምፒክ ወርቁን እንዳገኘ፣ ከእንግዲህ ጀልባ አጠገብ ያየኝ ሰው ይተኩስብኝ ብሎ ነበር። ማንም አልተኮሰም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ አምስተኛውን ወሰደ። እርስዎ ግን ያሉት ጆርጂያ ውስጥ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ቃል ጮክ ብለው አይናገሩ።