ዘግይቶና ተጎድቶ ስለሚደርስ ሽልማት፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

የሽልማት መዘግየትና የሽልማት መሰበር እስካሁን እንደ ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ሲታዩ ኖረዋል። መዘግየቱ በመንገዱ ይሳበባል፣ መሰበሩ በመኪናው ረዳት። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ወይም ወደ ጌጫ በመኪና ጣሪያ ላይ የተጫነ ዋንጫ አንድ እጀታውን አጥቶ ሲወርድ ጭቃውን የሚወቅስ አለ፣ ገመዱን የሚወቅስ አለ፤ አዘጋጅ ኮሚቴውን የሚወቅስ ግን የለም፣ ኮሚቴው ከተበተነ ቆይቷላ። የዚህ ጥናት አቋም የተለየ ነው። መዘግየትና መጎዳት አንድ ነገር ናቸው፤ ሽልማት ከአሸናፊው ተለይቶ በቆየ ቁጥር ይበላሻል፣ ሳይለይ የተሰጠ እንደሆነም እጁ ላይ እያለ ይበላሻል። የተሸላሚው ቅሬታ ስለዚህ የመረጃ እጥረት ነው።

ዋናው ማስረጃ የወጣው ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማጂ በኩል ጌሻ ከሚባለው ስፍራ የቡና ዘር ተለቅሞ ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ተላከ። በ1953 ኮስታ ሪካ ወዳለ የምርምር ማዕከል ተሻግሮ «ቲ2722» የሚል ቁጥር ተሰጠው፤ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። የተፈለገውም ለጣዕሙ ሳይሆን የቅጠል ዝገት በሽታን ይቋቋማል ተብሎ ነበር። (ዝገት ኋላ ላይ ስለሚመለስ አንባቢ ልብ ይበል።) ለአርባ ዓመት ያህል ከቁብ የቆጠረው ሰው ጥቂት ነው። በ2004 ግን ላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ በዚሁ ቡና የፓናማን የምርጥ ቡና ውድድር አሸነፈ፤ በጨረታውም አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ወጣለት፣ ለጊዜው ጉድ የተባለ ዋጋ ነበር። በ2025 የዚያው እርሻ 20 ኪሎ ቡና ሲሸጥ እያንዳንዱ ኪሎ 30,204 ዶላር አወጣ።

እንግዲህ አሸናፊው ዛፍ የማጂ ነው፣ ቼኩ የፓናማ። ዝናው ወደ ተነሣበት አገር የተመለሰው ወደ 70 ዓመት ዘግይቶ ነው፤ የደረሰውም እንደ ዋንጫው ነው። ስሙ በመዝገብ ሲጓጓዝ ፊደሉ ተበላሽቶ የጃፓን ሴት አዝማሪዎችን ስም ይዞ መጣ። በዚህ ስም በየአገሩ የሚጠሩት ዛፎችም ሲመረመሩ በዘር አንድ ሆነው አልተገኙም፤ ስለዚህ «እውነተኛው ጌሻ የቱ ነው?» ሲባል መለኪያው ጫካው መሆኑ ቀርቶ የፓናማው ሆነ። አያት የልጅ ልጁን መምሰሉን በማስረጃ እንዲያረጋግጥ እንደ መጠየቅ ነው። ጉዳት ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እዚህ ላይ ጂኦግራፊ የሚያውቅ አንባቢ፣ ጌጫ ያለችው በሸካ ዞን፣ ጌሻ ያለችው በማጂ በኩል ነው፤ ምን አገናኛቸው ይል ይሆናል። ተቃውሞው ልክ ነው። ይሁን እንጂ ሽልማቱ ለጌሻም በቅጡ ስላልደረሳት፣ ጌጫ ያልተወዳደረችበትን ባለማግኘቷ ከጌሻ በምንም አታንስም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ፣ ቡና ተክል ነው፣ ቅር አይለውም፤ ስለ ሰው ንገረን የሚለው ነው። መሠረት ደፋር እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5,000 ሜትር ነሐስ ወሰደች። ሁለተኛ የወጣችው ኤልቫን አቤይለገሰ ውጤቷ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት የተሰረዘው በ2017 ነው፤ ነሐሱም ወደ ብር ተቀየረ። ሶፊያ አሰፋም በ2012 ለንደን ላይ በ3,000 ሜትር መሰናክል ያገኘችው ነሐስ ብር የሆነው አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት ውጤቷ በ2016 ከተሰረዘ በኋላ ነው። «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» የሚለው አባባል እዚህ ጋ አይሠራም። አባባሉ የሚያስበው የዘገየው ነገር ያው የሚጠበቀው ነገር ነው ብሎ ነው። የተጠበቀው ግን ብሩ ብቻ አልነበረም፤ ከፍ ያለው መቆሚያ፣ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ፎቶግራፍ፣ ሙሉ ስታዲየም ነበር። እነዚህ በፖስታ አይላኩም።

የመጨረሻው ተቃውሞ፣ በሰዓቱና በሙሉ ጤንነት የተሰጠ ሽልማት ስንት አለ የሚል ነው። የሪዮ 2016 ሜዳሊያዎች በሰዓቱ ተሰጡ፤ ዓመት ሳይሞላ ከ100 በላይ የሚሆኑት ዝገትና መሰል ችግር ታይቶባቸው ተመለሱ። ፓሪስ በ2024 ከዚህ ተምራ በእያንዳንዱ ሜዳሊያ ላይ ከአይፍል ማማ የተወሰደ 18 ግራም ብረት ለጠፈችበት፤ በወራት ውስጥ ከ100 በላይ ተሸላሚዎች ሜዳሊያዬ ተላላጠ ብለው አመለከቱ። በሰዓቱ የደረሰ ሽልማት እንግዲህ ጉዳቱ ብቻ ነው የዘገየው። የሸካ ዝናብና የጌጫ መንገድም በዚህ ነጻ ወጥተዋል፤ ፓሪስ አስፋልት አላት። (የቅጠል ዝገትን ይቋቋማል የተባለው ቡና በሜዳሊያ ላይ አልተሞከረም።)

ከዚህ ግኝት የሚከተለው አስተዳደራዊ ምክር ቀላል ነው። ሽልማት ገና ሲገዛ ንብረት ክፍል ውስጥ በባለሙያ ኮሚቴ ይሰበር፤ ከዚያ ሞዴል 19 ይቆረጥለት። በርክክብ ቅጹ ላይ «በመልካም ይዞታ ተረክቤአለሁ» የሚለው ይሰረዝና «እንደተሰበረ ተረክቤአለሁ» ይባልበት፤ ቅሬታ ሰሚውም ወደ ሌላ ሥራ ይዛወር። ተሸላሚው ስብራቱን ቀድሞ ስለሚያውቅ አይደነግጥም፣ ረዳቱም በከንቱ አይሰደብም። ያልተፈታው ጉዳይ የሰባሪ ኮሚቴው አበል ብቻ ነው፤ እሱም ዘግይቶና ተቆራርጦ እንደሚከፈል ይጠበቃል።